የጋሼ ላ

ያ ሁሉ ዓይን ፒያኖው ላይ ነበር። ሌባ እንደተያዘበት ቤት አዳራሹ ጭጭ ብሎ፣ ቫዮሊኑም ቼሎውም ከነቀስቱ ጭን ላይ ወርዶ፣ የኦርኬስትራው ሰው በሙሉ መድረኩ መሐል የተገተረውን ትልቅ ጥቁር ፒያኖ በክፉ ዓይን ያየዋል። መሪዋ በትሯን ዝቅ አድርጋ ቆማለች። የኮንሰርቱ ቀን ነው። ለማታው የቀራቸው ይህ የጠዋት ልምምድ ብቻ ነበር፤ እሱም ገና ከፒያኖው ጋር በገጠሙበት በመጀመሪያው መሥመር ጥርስ የሚያጠርስ ነገር ሆኖ ቀረ።

«ብርድ መትቶታል» አለ ክላርኔት የሚጫወተው የታክሲ ሹፌር። አፉ ስለማያርፍ «ጡሩንባ» ነው የሚሉት። «ሰውነቱን አትዩ፣ ድምፁ ሄዷል። ምነው ይህን ለአማቴ ባደረገው!»

ሳቁ ከኋላ ወንበር ተነስቶ ፊት ድረስ ደረሰ። የመሪዋ ታላቅ ወንድም እንኳ ኦቦውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ከልቡ ሳቀ። ኦቦ ቀጭን ጥቁር የእንጨት መሣሪያ ነው፤ ጫፉ ላይ በተሰካ ሸምበቆ ይነፋል፤ እሱ ዕድሜውን ሙሉ የነፋው ይህንኑ ነው። ሁሉም «ጋሼ» ይሉታል፣ በዕድሜ የሚስተካከሉት ሳይቀሩ።

«አይዞሽ ሚጢጢ» አላት ፒያኖው ፊት ለተቀመጠችው ወጣት። «ያንቺ ጥፋት አይደለም። በዚህ አዳራሽ ሰው ያሸበርቃል እንጂ ዕቃ ማን ያያል? ከተቃኘ ስንት ዘመኑ።»

ሚጢጢ አልሳቀችም። ይህች ልጅ እዚሁ እጃቸው ላይ ነው ያደገችው፤ ሩቅ ሄዳ ፒያኖ ተምራ፣ ከእነሱ ጋር ለመጫወት ብላ የተመለሰችው በዚህ ሳምንት ነው። በአንድ ጣቷ ላን፣ ሁሉም መሣሪያ የሚቃኝበትን ድምፅ፣ መታች። ቆይታ ደግማ መታችው። ከዚያ ቀና ብላ መሪዋን አየቻት። መሪዋ ዓይኗን ወደ ኖታው ሰበረች።

«ዕረፍት እናድርግ» አለች።

ይህን ኦርኬስትራ የመሠረቱት ወንድምና እህት ናቸው። እናትና አባታቸው ሲሞቱ እሷ የወተት ጥርሷን ገና አልጨረሰችም ነበር፤ እሱ ነው አባትም እናትም ሆኖ ያሳደጋት። ጠዋት ጠዋት ቁርስ ከመቅረቡ በፊት ፊቱ አቁሞ ላን በድምፅዋ እንድታወጣ ያደርጋታል። ዝቅ ካለች አመልካች ጣቱን ወደ ላይ ይቀስራል፤ እስክትደርስ ድረስ ጣቱ አይወርድም፤ ሻዩ ይቀዘቅዛል። ካልሆነላት የመቃኛ ሹካዋን ያወጣል። ሹካዋ ሁለት ጥርስ ያላት ብረት ናት፤ ብትመታ ከላ በቀር ሌላ ቃል የላትም። ጉልበቱ ላይ መታ አድርጎ የሹካዋን እግር ከልጅቷ ጆሮ ጀርባ አጥንቷ ላይ ያስደግፍላታል፣ የራስ ቅሏ በሙሉ ላ ይሆናል። «በሌላው ነገር ብትዋሺ ግዴለም፣ ልጅ ነሽ» ይላታል። «በላ ግን እንዳትዋሺኝ።»

ቆይቶ እሷ ኦርኬስትራ መምራት ተምራ መጣች። ሹካዋንም ለትምህርት ስትሄድ ሰጥቷት ስለነበር ይዛት ተመለሰች። ሁለቱ ሆነው የተዘጋ ፋብሪካ ምግብ ቤት ውስጥ ወንበር ደርድረው፣ መጫወት የፈለገ ሁሉ ይምጣ፣ አልችልም ብሎ የሚመለስ የለም አሉ። ነርስ መጣች፣ ልብስ ሰፊ መጣ፣ ጡሩንባ ታክሲውን በር ላይ አቁሞ መጣ። ግማሾቹ መሣሪያቸው ይቃኝ አይቃኝ አያውቁም። በየትም ኦርኬስትራ ኦቦ ተጫዋቹ ቁጭ ባለበት ላን ይነፋል፣ ሌላው በዚያ ይቃኛል። ጋሼ ግን አየና፣ እንዲህስ አይሆንም ብሎ ተነሳ። ከኋላ፣ ቁመቱ ሰው ከሚያክለው ከኮንትራባሱ ጀምሮ ወንበር ለወንበር እየዞረ፣ በእያንዳንዱ ሰው ጆሮ ሥር ላን እየነፋ፣ እስኪገባው ቆሞ እየጠበቀ አዳረሰው። በዚያው ልማድ ሆነ። እንግዳ ሲያይ ይስቃል፣ ምን ዓይነት ቅብጠት ነው ይላል። እነሱ ግን ጋሼ ላን ሳያዞር መጫወት አልለመዱም። የሁሉ መጨረሻ መሪዋ ናት። መሣሪያ ስለሌላት ላን በድምፅዋ ትመልስለታለች፣ ሰው ይስቃል፣ እሷም በትሯን ታነሳለች።

ጉዱ የመጣው ካቻምና ነው። የጋሼ ሚስት ሞተች። ኦቦው ሳጥኑ ውስጥ ተዘጋ፣ ጋሼም ቤቱ ውስጥ ተዘጋ፤ እህቱ በጠራራ ፀሐይ በሩን ስታንኳኳ ከውስጥ «ተኝቻለሁ» ይላታል። በዚያው ሰሞን የፊት ጥርሶቹ ወልቀው የሚወልቅ ሰው ሠራሽ ጥርስ አሠራ። አበቃለት፣ ከእንግዲህ አይነሳም ተባለ። ታዲያ አንድ ቀን በልምምድ መሐል በሩ ተከፈተና ኦቦውን በብብቱ ሸጉጦ ገባ። የዚያን ቀን ደስታ! ነርሷ አልቅሳ ነበር። ጋሼ እንደ ድሮው ከኋላ ጀምሮ ላን ነፋ። ላው ዝቅ ያለ ነበር።

ብዙ አይደለም። ነገር ግን ዝቅ ብሏል። አንደኛ ቫዮሊን የሚይዘው ልብስ ሰፊ ቀና ብሎ መሪዋን አያት፤ መሪዋ መሬት መሬት አየች። እሱም ምንም ሳይል አውታሮቹን ላላ አደረገ። ሌላው ተከተለው። ክላርኔት እንደ አውታር ስለማይላላ ጡሩንባ የመሣሪያውን አንገት ሳብ አድርጎ አስረዘመና ወረደ። ለዛሬ ብቻ ነው፣ አለች መሪዋ በሆዷ፤ ነገ ከንፈሩ ይጠነክራል። ከንፈሩ ግን አልጠነከረም። ጥርሱ እንዲመቸው ሸምበቆውን ረዘም፣ ለስለስ አድርጎ መላግ ጀመረ፤ ላው ጭራሽ ወረደ። በየሆስፒታሉ ግቢ፣ በየትምህርት ቤቱ ሜዳ፣ በአውቶቡስ ማዞሪያ ሲጫወቱ ከረሙ። እንዲህ ባለ ቦታ ፒያኖ የለም፤ ዋሻችሁ የሚላቸውም አልነበረም። ሁሉም እኩል ስለወረዱ ማንም የወረደ አልመሰለውም።

በዕረፍቱ ሚጢጢ መሪዋን ኮሪደሩ ላይ ደረሰችባት።

«እትዬ፣ ፒያኖው ልክ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ያውቃሉ?» ልጅቷ ደነገጠች። «እና ለምን ዝም አሉ? ሰዉ እኮ ከልቡ ነው ፒያኖውን የሚረግመው።»

«ፒያኖው ዝቅ ይበል ብንልስ?»

«ይወርዳል። ግን አውታሩ በአንድ ቀን አይረጋም፣ መሐል ላይ ወደ ቦታው መውጣት ይጀምራል። ሰው ፊት ጉድ እንሆናለን።» ሚጢጢ የእጇን ጣቶች አንድ በአንድ ሳበች። «ላ ምን እንደሆነ እኔን ያስተማሩኝ ጋሼ ናቸው እኮ። እኔ ልንገራቸው?»

«ተይ። እኔ እነግረዋለሁ።»

ትነግረዋለች እንዴ! አፏ አለ እንጂ እግሯ ወደ ጋሼ አልሄደም፤ ወደ ነርሷ ነው የሄደው። ነርሷ ከጋሼ ጎን ሁለተኛ ኦቦ ናት። አፏም ሸምበቆዋም ደህና ነው፤ ቢፈለግ ትክክለኛውን ላ ትሰጣለች።

«ዛሬ ማታ አንቺ ብትሰጪስ?» አለቻት መሪዋ። «ጋሼ ትንሽ ደክሞታል እንላለን።»

«እኔ? ጋሼ እያሉ? ምላሴ ይቆረጥ!» ነርሷ ወደ ኋላ ሸሸች፤ ቆይታ ድምፅዋን ቀነሰች። «እትዬ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት? መጀመሪያ ሰሞን አውቅ ነበር። ሁላችንም እናውቅ ነበር። ኋላ ረሳሁት። ዛሬ ጠዋት ያ ፒያኖ ሲመታ፣ እውነቴን ነው፣ እሱ ነው የተበላሸው ብዬ ነበር።»

እኔ እንኳ አልረሳሁም፣ ስትል መሪዋ ራሷን አጽናናች።

ቀኑ ተጋምሷል። ጋሼ ለምሳ ወደ ቤቱ ሄዷል። መሪዋ ወደዚያው ስትሄድ በመንገድ ላይ እጇ ኮቷ ኪስ ውስጥ ያለችውን ሹካ እያሻሸ፣ የምትለውን አሥር ዓይነት አድርጋ አዘጋጀች። የምትፈራው ቁጣውን አልነበረም። ያ የተዘጋ በር ነበር የሚታያት። ያን ጊዜ ከዚያ ቤት ያወጣው ላ ነው፤ ያንን አሁን በገዛ እጇ ብትነጥቀው ተመልሶ ይገባና እስከ መጨረሻው «ተኝቻለሁ» ይላታል። ካልነገረችው ደግሞ ማታ ያ ሁሉ ሰው ፊት ፒያኖው ይነግረዋል።

ጋሼን ነጭ ሸሚዙን ሲተኩስ አገኘችው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ካውያውን እሱ ነው የሚይዘው፤ ዛሬም አንገትጌውን በጥንቃቄ እያዞረ በአፍንጫው ያንጎራጉራል። ደስ ብሎታል። ይህን ማየቷ ይበልጥ አንጀቷን በላው።

ሹካዋን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረቻት። ማንጎራጎሩን አቆመ።

«ምን ልትዪኝ ነው የመጣሽው?» አላት።

«ጋሼ፣ ፒያኖው ልክ ነው። የወረድነው እኛ ነን።» ያዘጋጀችው ሁሉ ጠፍቶባት ይህ ብቻ ወጣ። «ላህ ወርዷል።»

መጀመሪያ ሳቀ። ቀልድ ነው እንድትለው ጠበቃት። ሹካዋን ወደ እሱ ስትገፋለት ካውያውን አቁሞ አነሳት፣ ጉልበቱ ላይ መታ፣ እግሯን ጠረጴዛው ላይ አቆማት። እንጨቱ በሙሉ ዘመረ። ኦቦውን አንስቶ ነፋ። ሁለቱ ድምፆች እንደማይዋደዱ ጎረቤታሞች ተገፋፉ፤ አየሩ ተርገበገበ። ከንፈሩን አጠበቀ። ጥርሱ ተንሸራተተበት። አስተካክሎ እንደገና ነፋ፣ እንደገና። የአንገቱ ሥር ተገታተረ፤ ድምፁ ትንሽ ወጣና ተመልሶ ወረደ። በመጨረሻ ኦቦውን እንደ ታመመ ሰው ቀስ አድርጎ አጋደመው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከተመለስክ ጀምሮ።»

«ካቻምና?» ወንበሩን በእጁ ፈልጎ ተቀመጠ። «ከካቻምና ጀምሮ በእያንዳንዱ ሰው ጆሮ ሥር እየዞርኩ ስህተት ስዘራ፣ አንቺ ፊት ለፊት ቆመሽ ታዪኛለሽ?»

«ደስ ብሎን ነበር ጋሼ። መጣህ ብለን። ከዚያ ደግሞ… ዝም አይነቅዝም ብዬ ነው።»

«ነቀዘ!» ጠረጴዛውን መታው። «ይኸው ነቀዘ! አንቺን ላን ያስተማርኩሽ ለዚህ ነው? ሌላው ይዘንልኝ፣ ሰው ነው፣ ይሉኝታ አለው። አንቺ ግን አንድ ቀን ጣትሽን ወደ ላይ ብታደርጊ ምን ነበረበት? ጣት እኮ ነው! እኔ ልጅ ሆነሽ ስትሳሳቺ አዝኜልሽ አውቃለሁ?»

«አታውቅም» አለች። እንባዋ መጣ።

«ሚስቴን ብቻ ነበር የቀበርኩት። እናንተ እኔን ጨመራችሁበት።»

የሚቃጠል ነገር ሸተታቸው። ካውያው ወድቆ ሸሚዙ ደረት ላይ ተኝቷል። ጋሼ አነሳው፤ ነጩ ጨርቅ ላይ ቡናማ የካውያ ቅርጽ ቀርቷል።

«ሂጂ» አላት ፊቱን ሳያዞር። «ሰው ይጠብቅሻል።»

ሹካዋን ረስታ ወጣች። በሩ ከኋላዋ ተዘጋ፣ ቁልፉም ሲዞር ሰማች።

ማታ አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። በየግቢው የተጫወቱለት ሰው ሁሉ ነው የመጣው። ክራንች የያዘው፣ ሕፃን ያዘለችው፣ የጡሩንባ ታክሲ ነጂ ጓደኞች፤ እንዲህ ባለ ቀይ ወንበር ላይ ተቀምጠው የማያውቁ እጃቸውን የት እንደሚያደርጉ ጨንቋቸዋል። ኦርኬስትራው ቦታ ቦታውን ይዟል። የጋሼ ወንበር ባዶ ነው።

መሪዋ ወጣች፣ ተጨበጨበ፣ እጅ ነሳች። ወደ ሚጢጢ ዘወር ብላ በራሷ ምልክት ሰጠች። ሚጢጢ ላን መታች። ድምፁ ጥርት ብሎ ወጥቶ አዳራሹ ውስጥ ዞሮ ጠፋ። ማንም አልተንቀሳቀሰም። ደግማ መታችው። ጡሩንባ ክላርኔቱን እንደ ሽመል ይዞ ጫማውን ያያል፤ ቀልድ ከአፉ ጠፍቷል። ነርሷ ባዶውን ወንበር በክንዷ እንደ መከለል አድርጋለች።

«ተቃኙ እንጂ» አለች መሪዋ በጥርሷ መሐል።

«ጋሼን እንጠብቃቸው እትዬ» አለ ልብስ ሰፊው በቀስታ። ቀስቱን ጉልበቱ ላይ አስተኛ።

በንዴት ጆሮዋ ጋለ። ማንን ነው የምትጠብቁት? ልትል ነበር። አይመጣም! እኔ ነኝ ያስቀረሁት፤ እናንተም ናችሁ፣ ሁላችንም ነን! ሰዉ ማጉረምረም ጀምሯል። አንድ ሰው ከኋላ አፏጨ። ለመጀመሪያ ጊዜ እንዲህ ባለ ቤት ሊጫወቱ መጥተው ሳይጀምሩ ሊያልቅ ነው። በትሯን ማስቀመጫው ላይ አኖረች፤ ወደ ሰዉ ዞራ ይቅርታ ለመጠየቅ አፏን ከፈተች።

የመድረኩ የጎን በር ተከፈተ።

ጋሼ ነው። ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፎታል፣ ቁልፎቹ መሐል ግን የተቃጠለው ሸሚዝ ጠርዝ ይታያል። ኦቦውን አልያዘም። እሷንም አላያትም። እንደ ሁልጊዜው ወደ ኋላ ወደ ኮንትራባሱ ሄደ፣ ከኪሱ ሹካዋን አወጣ፣ ጉልበቱ ላይ መታና እግሯን መሣሪያው ሆድ ላይ አስደገፈ። ያ ግዙፍ እንጨት ዘመረ። ኮንትራባስ ተጫዋቹ መጀመሪያ ግራ ገባው፤ ከዚያ መቃኛውን ጨብጦ ማጥበቅ ጀመረ። አውታሩ እያቃሰተ ወጣ። ጋሼ ቆሞ ጠበቀው፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ወደ ቀጣዩ ሄደ።

ወንበር ለወንበር ዞረ። ቼሎው ወጣ፣ ቪዮላው ወጣ። ሰዉ ማጉረምረሙን ትቶ ያያል። ጡሩንባ ጋ ሲደርስ ሹካዋን ከጆሮው አስጠጋለት፤ ጡሩንባ ያን ሁሉ ጊዜ ስቦ ያስረዘመውን የክላርኔት አንገት በሁለት እጁ ገፍቶ ወደ ቦታው መለሰ። ነርሷ ጋ ሲደርስ ሹካዋን አልመታም። በክንዷ ይዞ አስነሳትና በራሱ ወንበር ላይ አስቀመጣት። «እንግዲህ ያንቺ ነው» አላት። ነርሷ እንቢ ልትል ፈለገች፤ ፊቱን አይታ ተወች። ከዚያ ሹካዋን መታላት። ነርሷ እንባዋ አገጯ ላይ እየወረደ ኦቦዋን ወደ አፏ ወሰደች፣ ላውም ልክ ነበር።

ሁሉን ጨርሶ ወደ መሪዋ መጣ።

ይህ ሰዉ የሚስቅበት ቦታ ነበር። ማንም አልሳቀም። ጋሼ ከመቆሚያዋ ሥር ቆሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አያት። ሹካዋን ጉልበቱ ላይ መታ፤ ወደ እሷ ግን አልዘረጋትም። የገዛ ጆሮው ላይ ያዛትና ጠበቃት።

መሪዋ አልሰጋችም። ያ ሁሉ ሰው ሲረሳ እሷ አልረሳችም፤ ሲወርዱ እያንዳንዷን ቀን ታውቃለች፤ ኃጢአቷ ማወቋ አይደል? ትንፋሽ ሳበች፣ ከልጅነቷ ጀምሮ የምታወጣውን ላ አወጣች።

ዝቅ ያለ ነበር።

የራሱ የጋሼ ላ ነበር፣ ያ የካቻምናው። ኦርኬስትራው በሙሉ ወደ ላይ ወጥቶ እሷ ብቻዋን ታች ቀርታለች። ድምፁ ከአፏ ሲወጣ ሰማችው፤ ልብስ ሰፊው ሲሰማ፣ ሚጢጢ ስትሰማ አወቀች። ፊቷ ነደደ። ላንሳው ብላ ታገለች፣ ትንፋሿ አለቀባት፣ ጸጥ አለች።

ጋሼ አልተቆጣም፣ ፈገግም አላለም። ሹካዋን ከጆሮው አወረደና አመልካች ጣቱን ወደ ላይ ቀሰረ፣ ልክ በዚያ ሻዩ በሚቀዘቅዝበት ጠዋት እንደሚያደርገው።

«ከፍ» አላት፣ ለእሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ።

ሰዉ ሁሉ እያያት፣ መሪዋ እንደገና ትንፋሽ ሳበችና ጀመረች። ጣቱ ገና አልወረደም።